«ቁጭ ብሎ ማየት ሳይንስ አይደለም» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ነበር። እኔ ጋ ከሦስት ሰው ደረሰ። አንዷ «ይሄን አይተኸዋል?» አለችኝ። ሌላው «የእናንተ ነገር አበቃለት» ብሎ ላከ። ሦስተኛው ምንም አላለም፤ የሳቅ ምልክት ብቻ ለጠፈበት።

ጽሑፉ ስለ ተፈጥሯዊ ምልከታ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰዎቹ (ወይም እንስሳቱ) ወዳሉበት ሄዶ፣ ምንም ሳይቀይርና ጣልቃ ሳይገባ፣ የሚያደርጉትን አይቶ የሚመዘግብበት ዘዴ ማለት ነው። የጸሐፊው ድምዳሜ በአንድ መስመር ያልቃል፦ ቁጭ ብሎ ማየት ሳይንስ አይደለም፤ ከመማሪያ መጻሕፍት ቢወጣም የሚቀርብን ነገር የለም።

በደንብ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። ጎበዝ ጸሐፊ ሲሳሳት ብዙ ሰው ይዞ ይሄዳል፤ መልስ ለመጻፍ የተነሣሁትም ለዚሁ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ።

አምስት ክስ አቅርበዋል። ምልከታ ቁጥጥር ስለሌለው ምክንያትንና ውጤትን መለየት አይችልም። ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ ጠባዩን ስለሚቀይር የሚሰበሰበው መረጃ ሁሉ ትወና ነው። ተመልካቹ የሚያየው ማየት የፈለገውን ነው። አንድ ቦታ የታየ ነገር ለሌላ ቦታ አይሠራም። በመጨረሻም ዘዴው ከሥነ ምግባር ወጥመድ አይወጣም፤ ካስፈቀድክ ተፈጥሯዊነቱ ይጠፋል፣ ካላስፈቀድክ ሰላይ ነህ። ምትክ ብለው ያቀረቡት ደግሞ ሁለት ነገር ነው፦ ቤተ ሙከራና መጠይቅ።

(ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያው ክስ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። አንድ ልጅ ቴሌቪዥን ካየ በኋላ ጓደኛውን ሲመታ ብናይ፣ ቴሌቪዥኑ አስመታው ማለት አንችልም። ምናልባት ደክሞት ይሆናል፤ ምናልባት ጓደኛው ቀድሞ ነክቶታል። ቁጥጥር የሌለበት ምልከታ ተዛምዶ ያሳያል እንጂ ምክንያት አያረጋግጥም። ይህን የሚክድ ተመራማሪ ካለ እኔም ከጸሐፊው ጋር ሆኜ እወቅሰዋለሁ።

ግን ምልከታ መቼ ነው ምክንያቱን እነግራችኋለሁ ያለው? የምልከታ ጥያቄ «ምን ይከሰታል? ስንት ጊዜ? ከምን ቀጥሎ?» የሚል ነው። «ለምን?» ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ የሚመለሰውም በሌላ መሣሪያ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባል የለ? ጸሐፊው ፈረሱን የከሰሱት ስላልተዋጋ ነው።

ሜሪ ኤንስወርዝን ተመልከቱ። በልጅና በእናት ቁርኝት ጥናት ስሟ የሚነሣው 20 ደቂቃ ገደማ በምትፈጅ የቤተ ሙከራ ፈተናዋ ነው። ሕፃኑ የማያውቀው ሰው ይገባል፣ እናት ለጥቂት ደቂቃ ትወጣለች፣ ከዚያ ትመለሳለች፤ ሕፃኑ ምን ያደርጋል? ጸሐፊው የሚወዱት ዓይነት ንጹሕ፣ የተቆጣጠሩት ነገር ነው። ግን ይህች ፈተና ከየት መጣች? ኤንስወርዝ በ1950ዎቹ አጋማሽ ዩጋንዳ ውስጥ 26 እናቶችንና 28 ሕፃናትን እየተመላለሰች አይታለች። ከዚያ እርሷና ረዳቶቿ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ሌሎች 26 ቤተሰቦችን፣ እያንዳንዱን በድምሩ 72 ሰዓት ገደማ፣ በየቤታቸው ሆነው አዩ። ፈተናዋ የተሠራችው በዚሁ የባልቲሞር ጥናት ውስጥ ነው። የሕፃኑ ጠባይ ምን ማለት እንደሆነ የተፈታውም በቤት ውስጥ ከታየው ጋር ተነጻጽሮ ነው። ያንን ሁሉ ሰዓት አውጡትና 20 ደቂቃዋ ብቻዋን ትቅር። የሚያለቅስ ሕፃን ቪዲዮ ነው የሚተርፋችሁ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጸሐፊው ራሳቸው የቤተ ሙከራን ጥንካሬ ለማሳየት ስለጠቀሱት ትንሽ ልቆይበት።

በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ኪቲ ጄኖቬዝ የተባለች ወጣት ተገደለች። አንድ ትልቅ ጋዜጣ 38 ሰዎች እያዩ ዝም አሉ ብሎ ጻፈ። ዓለም ደነገጠ። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጉዳዩን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት። ተማሪዎችን በየክፍሉ ለብቻ አስቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ እንዲወያዩ አደረጉ። መሐል ላይ አንዱ ተወያይ በድንገት ይታመማል፤ በእርግጥ ድምፁ የተቀዳ ነው። በ1968 ያወጡት ውጤት ዝነኛ ሆነ። ከታማሚው ጋር ብቻዬን ነኝ ብለው ካመኑት 85 በመቶዎቹ ለእርዳታ ተነሡ። ሌሎች አራት ሰዎች አብረው እየሰሙ ነው ብለው ያመኑት ግን 31 በመቶ ብቻ ናቸው።

ጥሩ ሙከራ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት ጥቃት ቢደርስብህ የሚደርስልህ የለም» አሉ። ብዙ ሰውም እንዲህ ነው የሚያስበው።

ምልከታው ምን አለ? በእነ ሪቻርድ ፊልፖት የተሠራ ጥናት ከአምስተርዳም፣ ከላንካስተርና ከኬፕታውን የተገኙ የደኅንነት ካሜራ ቅጂዎችን መረመረ። በአደባባይ የተነሡ 219 እውነተኛ ግጭቶች ናቸው። ማንም አልተወነም፣ ማንም መጠይቅ አልሞላም። ከአስሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ቆሞ የነበረ ሰው ጣልቃ ገብቷል። ቁጥራቸውም ከአንድ የዘለለ ነበር፤ በአማካይ አራት የሚጠጉ ሰዎች። ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው የመድረሱ ዕድል ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ታዲያ አንዱ ውሸታም ነው? አይደለም። እስቲ ሂሳቡን ሥሩት። አምስት ሰዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ የመነሣት ዕድሉ 31 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ሳያደርግ ማለት ነው፣ ከአምስቱ ቢያንስ አንዱ የመነሣቱ ዕድል 84 በመቶ ይሆናል። ብቻውን ከነበረው ሰው 85 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል! ቤተ ሙከራው የጠየቀው «አንድ ሰው ምን ያደርጋል?» ብሎ ነው። ካሜራው የመለሰው «ተጠቂው ሰው ያገኛል ወይ?» የሚለውን ነው። ለተጠቂው የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው። ደግሞ በድምፅ ማስተላለፊያ ተለያይቶ የተቀመጠ ተማሪ ሌሎቹን አያያቸውም። መንገድ ላይ ግን ሰው ሰውን ያያል፤ አንዱ እርምጃ ሲጀምር ሌላው ይከተላል።

በነገራችን ላይ የ38ቱ ሰዎች ታሪክም የተጋነነ ነበር። ጋዜጣው ራሱ በ2016 ይህንኑ አምኗል። ስለዚህ የነገሩ ሰንሰለት እንዲህ ነው፦ በደንብ ያልታየ ክስተት፣ ከዚያ ጥሩ ሙከራ፣ ከዚያ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ የተጋነነ ድምዳሜ። ማየቱ መጨረሻ ላይ መጣ። ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ጥያቄው ሌላ ይሆን ነበር።

አዎ፣ ካሜራው ሰዎቹ ለምን ጣልቃ እንደገቡ አይነግረንም። ድምፅ እንኳ የለውም። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ።

ወደ ሁለተኛው ክስ፤ ስለ መታየት። ጸሐፊው ማስረጃቸውን ያቆሙት በሃውቶርን ፋብሪካ ላይ ነው። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከ1924 ጀምሮ ቺካጎ አጠገብ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች መብራት ሲጨምሩ ምርት ጨመረ፣ ሲቀንሱም ጨመረ፤ ስለዚህ ለውጡን ያመጣው መታየቱ ነው ይባላል። «ይህ ብቻውን ዘዴውን ይቀብረዋል» ብለዋል።

ሁለት ችግር አለ። አንደኛው፣ ሃውቶርን ተፈጥሯዊ ምልከታ አልነበረም። መብራት ከፍና ዝቅ ያደረገ ሰው ምን እያደረገ ነው? እየሞከረ ነው። ጸሐፊው ምልከታን ለመቅበር የተጠቀሙበት አካፋ ከሙከራ ቤት የተወሰደ ነው። ሁለተኛው፣ ታሪኩ ራሱ ሲመረመር ሳስቷል። ስቲቨን ሌቪትና ጆን ሊስት የመብራቱን የመጀመሪያ መረጃ ፈልገው አግኝተው እንደገና ሲያሰሉት፣ በ2011 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሚወራው ዓይነት አስደናቂ ለውጥ አላገኙበትም። በኋላ በተደረገው የስልክ ዕቃ ገጣጣሚ ሴቶች ሙከራ ደግሞ የአከፋፈል ሥርዓታቸው ተቀይሮ ነበር፤ ከአምስቱ ሁለቱም መሐል ላይ በሌሎች ተተክተዋል። ደመወዝህ ከቡድንህ ምርት ጋር ሲያያዝ ብትፈጥን ምኑ ይደንቃል?

ይህ ማለት መታየት ሰውን አይቀይርም ማለት አይደለም። ይቀይራል። እኔ ራሴ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ስሜን እንኳ አስተካክዬ መተየብ ያቅተኛል። ጥያቄው መፍትሔው ምንድን ነው የሚለው ነው። ጸሐፊው ቤተ ሙከራ ይላሉ። እንግዲህ ማርቲን ኦርን በ1962 የጻፈውን ስሙ። ለጥናት ተሳታፊዎች 2,000 ገደማ ወረቀት ቆልሎ ሰጣቸው። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ 224 የመደመር ሥራ አለ። «ቀጥሉ፣ ቆይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ያቆማሉ ብሎ ነበር የጠበቀው። ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ የተሸነፈው ራሱ ተመራማሪው ነው። ሥራውን ይበልጥ ትርጉም የለሽ ለማድረግ የደመሩበትን ወረቀት ሁሉ ቢያንስ 32 ቦታ ቀዳደው ሌላ እንዲጀምሩ አዘዛቸው። አሁንም ለሰዓታት ቀጠሉ! ለምን? «ጥናት ነው፤ አንድ ነገር ይኖረዋል» ብለው።

ሰው እየታየ መሆኑን ሙሉ በሙሉ የሚያውቅበት ቦታ ቢኖር ቤተ ሙከራ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ የተፈረመ ወረቀት፣ ሰዓት የያዘ ሰው። እየታየሁ ነው የሚለው ስሜት ጥናትን ዋጋ የሚያሳጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚዘጋው እሱ ነው።

ምልከታ ግን ቢያንስ ጊዜ አለው። የእንስሳት ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል በ1960 በዛሬዋ ታንዛኒያ ወዳለው የጎምቤ ጫካ ስትደርስ ቺምፓንዚዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ይሸሹ ነበር። ወራት ፈጀባት። ሲለምዷት ነው አንዱ የሣር ዘንግ ወደ ምስጥ ጉድጓድ ከትቶ ምስጥ ሲያወጣ ያየችው፤ ያኔ መሣሪያ መጠቀም የሰው ብቻ መለያ ነው ይባል ነበር። ሰውም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይጠነቀቃል። በአምስተኛው ቀን ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው እንደ ወንበሩ የቤት ዕቃ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ጠንቃቃ ተመራማሪ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መዝገብ ከስሌቱ ያወጣዋል።

ጸሐፊው ስለ ጎምቤ ያነሡት አንድ ነገር ግን ፍትሐዊ ነው። ጉዶል ቺምፓንዚዎቹን ለማቅረብ ሙዝ ታቀርብ ነበር። ሙዝ ያለበት ቦታ ደግሞ ጠብ አለ። ይህ ምልከታ ሳይሆን ጣልቃ መግባት ነው፤ ከባድ ትችትም አስከትሏል። «የቺምፓንዚ ግድያ የሰው ጣልቃ ገብነት ያመጣው ነው» የሚለው ክርክር ለዓመታት ቀጠለ። እንዴት ተፈታ? ሌሎች ተመራማሪዎች በሌሎች ቦታዎች ስላዩ ነው። በ2014 የ18 የቺምፓንዚ ማኅበረሰቦች የአምስት አሥርት ዓመታት መዝገብ ተደምሮ 152 ግድያዎች ተመረመሩ። የሰው ተጽዕኖ ልዩነቱን አላብራራውም፤ የወንዶቹ ብዛትና ጥግግት የተሻለ አብራራው። የምልከታን ስህተት ያረመው ምልከታ ነው።

ሦስተኛው ክስ «ተመልካቹ የሚያየው ማየት የፈለገውን ነው» ይላል። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ደርሶብኛልና። ተማሪ እያለሁ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር የሕፃናት ጨዋታ እያየን «መግፋት» ስንት ጊዜ እንደሚከሰት እንድንቆጥር ታዘዝን። አንድ ቦታ ተቀምጠን፣ አንድ ዓይነት ልጆች እያየን፣ የእኔ ቁጥር የእርሷን እጥፍ ሆነ። ልጅ ሌላውን ልጅ እየሳቀ በትከሻው ገፋ ሲያደርገው ለእኔ መግፋት ነበር፤ ለእርሷ ጨዋታ። አፈርን። ግን ያፈርነው ለምን እንደሆነ አስተውሉ፤ ሁለት ስለነበርን ነው። አንድ ብሆን ኖሮ ስህተቴ አይታወቅም፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ እወጣ ነበር።

ዘዴው ለዚህ መልስ ካዘጋጀ ቆይቷል። መጀመሪያ ትርጉም ይጻፋል፦ «መግፋት ማለት በእጅ ወይም በአካል ሌላውን ቢያንስ አንድ እርምጃ ከቦታው ማንቀሳቀስ ነው» ተብሎ። ቀጥሎ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ይመዘግባል። ከዚያ ስምምነታቸው ይለካል። ልኬቱም «ስንት በመቶ ተስማሙ» ብቻ አይደለም። ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን ከመቶው ዘጠናውን «አልገፋም» ብንል እንኳ በአጋጣሚ ብቻ 82 በመቶ እንስማማለን። ጄከብ ኮኸን በ1960 ያቀረበው ካፓ የሚባለው ስሌት ይህን የአጋጣሚ ስምምነት ይቀንሳል። ካፓው ዝቅ ካለ መዝገቡ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይሄዳል። የእኛም ሄዷል።

ማንን ማየት እንዳለብን የሚወስነው ዓይናችን እንዳይሆንም ሕግ አለ። ዝም ብለህ ስታይ ዓይንህ ወደሚጮኸውና ወደሚጣላው ይሄዳል። ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠው ልጅ ከመዝገብህ ይጠፋል። ጂን አልትማን በ1974 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህንን ነው ፈር ያስያዘችው። አንዱን መርጠህ ለተወሰነ ደቂቃ እርሱን ብቻ ተከተል፤ አጠገቡ ጦርነት ቢነሣ እንኳ ዓይንህን አትንቀል። ወይም በየተወሰነው ደቂቃ ሁሉንም በተራ ቃኝተህ በዚያች ቅጽበት የሚያደርጉትን ጻፍ። ይህ «ቁጭ ብሎ ማየት» ከሆነ እስቲ ለግማሽ ሰዓት ሞክሩት። ከባድ ሥራ ነው።

ጸሐፊው የጠቀሱት የብልሁ ሃንስ ታሪክም ወደ ራሳቸው ይመለሳል። ሃንስ በርሊን ውስጥ በሰኮናው እየመታ ሂሳብ የሚሠራ የተባለ ፈረስ ነበር። (ዛሬ ፈረስ በዛ፣ ይቅርታ።) ኦስካር ፕፉንግስት በ1907 እንዳስረዳው ፈረሱ የሚያነበው የጠያቂውን ጭንቅላት ነው። መልሱ ላይ ሲደርስ ሰውየው ሳያውቀው ጭንቅላቱን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል፤ ፈረሱም ያቆማል። ጸሐፊው «ተመልካቾች ተታለሉ» ይላሉ። ልክ ነው። ግን ያችን የጭንቅላት እንቅስቃሴ ማን አገኛት? ከፈረሱ ይልቅ ጠያቂውን ማየት የጀመረ ሰው ነው። ጠያቂው ራሱ መልሱን በማያውቅበት ሙከራ ፈረሱ መውደቁ ምልክት እንዳለ ነገረው፤ ምልክቱ ምን እንደሆነ ያሳየው ግን ማየቱ ነው። ሞከረ፣ ከዚያ አየ። አንዱ ያለሌላው አይበቃም ነበር።

አራተኛውን ክስ በአጭሩ ልለፈው። አንድ ቦታ የታየ ለሌላ ቦታ አይሠራም? አንዳንዴ አይሠራም። ሃርትና ሪዝሊ የተባሉ ተመራማሪዎች 42 ቤተሰቦችን በወር አንድ ሰዓት እየቀዱ፣ በድሀና በባለሙያ ቤተሰብ ልጆች መካከል እስከ አራት ዓመት ዕድሜ በሚሰሙት ንግግር የ30 ሚሊዮን ቃላት ልዩነት አለ ወደሚል ቁጥር ሄዱ። ከጥቂት ሰዓታት ተነሥቶ እዚያ መድረስ ዝላይ ነው፤ በኋላ የመጡ ጥናቶችም ተከራክረውታል። ይህን ነጥብ ለጸሐፊው አስመዘግባለሁ።

ግን ቤተ ሙከራውስ ማንን ነው የሚያጠናው? በ2008 በታተመ ቆጠራ መሠረት በዋና ዋና የአሜሪካ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ላይ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶዎቹ ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከሚይዙ አገሮች የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ለትምህርት ነጥብ ብለው የተሳተፉ ተማሪዎች ናቸው። ናሙና የማነስ ጣጣ የሁላችንም ነው፤ ለአንዱ ዘዴ ብቻ ለይቶ ማሸከም ፍርድ አይሆንም።

ስለ ሥነ ምግባሩ ግን መፍጠን አልፈልግም። እዚህ ላይ የጸሐፊው ብዕር በጣም ስለታም ነው፣ ምሳሌያቸውም እውነት ነው። ሎድ ሃምፍሪስ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች የሚገናኙ ወንዶችን ማንነቱን ደብቆ ተመለከተ። የመኪናቸውን ሰሌዳ ቁጥር ጻፈ። በዚያ ቁጥር አድራሻቸውን አገኘ። ከዓመት ገደማ በኋላ መልኩን ቀይሮ ቤታቸው ድረስ ሄደ። ምን ይዞ? የጤና ጥናት ነው ብሎ፣ መጠይቅ ይዞ። እነዚያ ሰዎች ቢጋለጡ ትዳራቸውንም ሥራቸውንም ሊያጡ ይችሉ ነበር። ነገሩ አስቀያሚ ነው፤ ልከላከለው አልሞክርም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ የባሰው ጥፋት የተፈጸመው እያየ ሳለ አይደለም። በራቸውን አንኳኩቶ በመጠይቅ ስም ሲዋሻቸው ነው።

ዛሬ ሕጉ ግልጽ ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ደንብ ተመራማሪ ሳያስፈቅድ እንዲመለከት የሚፈቅደው ምልከታው ቢታወቅ ሰውየውን ለክስ፣ ለሥራ ማጣት ወይም ለስም መጉደፍ የማያጋልጠው ከሆነና ምሥጢሩ ከተጠበቀ ነው። የብሪታንያው ደግሞ ሰው በማያውቀው ሰው ልታይ እችላለሁ ብሎ በሚጠብቅበት ቦታ ብቻ ይላል። መናፈሻ ይሆናል፤ መኝታ ቤት አይሆንም።

ደግሞም «ወይ ማስፈቀድ ወይ መሰለል» የሚለው ምርጫ ሦስተኛ መንገድ የለውም ያለው ማነው? ማትያስ ሜልና ባልደረቦቹ የተጠቀሙበትን ትንሽ መቅጃ እዩ። ሰውየው ፈቅዶ ይይዘዋል። መሣሪያው በየ12 ደቂቃ ተኩሉ 30 ሰከንድ ብቻ ይቀዳል። መቼ እንደሚቀዳ ሰውየው አያውቅም። በኋላ ተመራማሪው ሳይሰማ በፊት ራሱ ሰምቶ የማይፈልገውን ይሰርዛል። ፈቃድ አለ፤ ኑሮውም እንደወትሮው ነው። በዚህ መንገድ 396 ተማሪዎች ተቀዱ፤ ውጤቱ በ2007 ወጣ። ያኔ «ሴት በቀን 20,000 ቃል ስትናገር ወንድ 7,000 ብቻ ይናገራል» የሚል ወሬ በሰፊው ይነገር ነበር። ሲቆጠር ሴቶቹ 16,215፣ ወንዶቹ 15,669 ሆኑ። ወሬው ፉርሽ! በ2025 ደግሞ በዚሁ ዘዴ 2,197 ሰዎች የተካተቱበት ሰፋ ያለ ጥናት ወጣ፤ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ሴቶቹ ወንዶቹን ላቅ ብለው አገኛቸው። ተማሪ ብቻ ማየት ምን እንደሚያስቀር ያሳያል፤ በጸሐፊው አራተኛ ክስ ውስጥ ያለውን እውነትም ጭምር።

የቀረው መጠይቅ ነው። «ሰውን ማወቅ ከፈለግህ ጠይቀው» ብለዋል። ሪቻርድ ላፒየር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ተዘዋወረ። ዘመኑ ቻይናውያን በግልጽ የሚጠሉበት ነበር። 251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገቡ፤ የከለከላቸው አንድ ብቻ ነው። ከወራት በኋላ ለእነዚያው ቤቶች «ቻይናዊ ታስተናግዳላችሁ ወይ?» የሚል መጠይቅ ላከ። 128 መለሱ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት «አናስተናግድም» አሉ። ልክ ነው፤ ጥናቱ ዛሬ ቢቀርብ ብዙ ጥያቄ ይነሣበታል። መጠይቁን የሞላው ሰው ያስተናገዳቸው ሰው ላይሆን ይችላል፤ ነጭ ሰው አብሯቸው መሆኑም ለውጥ ያመጣል። ግን እስቲ መጠይቁን ብቻ ይዘን ብንቀር ስለዚያ ጉዞ ምን እንጽፍ ነበር?

አሁን ደግሞ ለጸሐፊው አንድ ሥራ ልሥራላቸው። ከአምስቱ ክሶች የሚከብደውን ስድስተኛ ረስተውታል። ምልከታ ያላየውን «የለም» ማለት አይችልም። ጉዶል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቺምፓንዚዎችን በአመዛኙ ገር አድርጋ ታያቸው ነበር። በ1974 አንዱ ቡድን ሌላውን እያደነ መግደል ጀመረ፤ አራት ዓመት ቆየ። በአሥረኛው ዓመት ሻንጣዋን ሸክፋ ብትሄድ ኖሮ በቅን ልቦና የተሳሳተ መጽሐፍ ትጽፍልን ነበር። አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰት ነገር፣ በር ተዘግቶ የሚደረግ ነገር፣ በልብ ውስጥ ብቻ የሚያልፍ ነገር ከተመልካቹ ያመልጣል። ዋጋውም ቀላል አይደለም። የኤንስወርዝን 26 ቤተሰቦች በ72 ሰዓት አባዙት፤ ወደ 1,870 ሰዓት ይመጣል። ያውም ማየቱ ብቻ። ዛሬ ሁለት ጽሑፍ በዓመት የሚጠየቅ ወጣት ተመራማሪ ይህን ቢሸሽ አልፈርድበትም። ለዘዴው መመናመን ከጸሐፊው አምስት ክሶች ይልቅ ይህ ሰበብ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ጽሑፋቸው የሚዘጋው በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንደታዘብኩት፣ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ምልከታን የሚመርጡት ሰነፎቹ ተማሪዎች ናቸው።»

እንደታዘብኩት! ስንት ተማሪ ታዩ? «ስንፍና» ምን ተብሎ ተተረጎመ? አብሯቸው የመዘገበ ሁለተኛ ሰው ነበር? ተማሪው ምን ዘዴ እንደመረጠ ሳያውቁ ነው ስንፍናውን የለኩት? ተማሪዎቹስ ውጤት በሚሰጣቸው መምህር ፊት እንደወትሯቸው ነበሩ? እኔ ይህን የምጠይቀው ለማሳፈር አይደለም፤ ጥያቄው በእውነት ይጠናልና። ሁለት መዝጋቢ፣ አንድ የተጻፈ ትርጉምና አንድ ሴሚስተር ይበቃል። ጸሐፊው ከፈቀዱ ቅጹን እኔ አዘጋጃለሁ።